ጫካውን ማን ያሳየናል? «በቡድን አትጓዙ» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ሦስት ወዳጆቼ በየፊናቸው ላኩልኝ፤ ሦስቱም ያከሉት ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፦ «አንቺ ሄደሽ አይተሽ የለም እንዴ? እውነት እንዲህ ነው?» ጽሑፉ በሐሩር ክልል ወደሚገኙ አገሮች፣ በተለይም በመካከለኛው አሜሪካ ወዳለችው ኮስታ ሪካ፣ በአስጎብኚ እየተመሩ በቡድን መጓዝ ገንዘብንም ዕረፍትንም ማባከን ነው ይላል። እኔ ወደዚያው አገር ከ13 የማላውቃቸው ሰዎች ጋር ሄጄ 12 ቀን ቆይቻለሁ። ስለዚህ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለተኛውን እርሳስ ይዤ። የጸሐፊው ብዕር የሰላ ነው፤ ያሉትም ሁሉ ስሕተት አይደለም። ግን የመጀመሪያ ጉዟቸውን ሊያደርጉ ገንዘብ የሚያጠራቅሙ ሰዎች እንደ ምክር ይዘውት ሲሄዱ ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ክርክራቸውን ሳላዛባ ባጭሩ ላስቀምጥ። የቡድን ጉዞ ብቻን ከመጓዝ እጅግ ውድ ነው፤ ሁሉንም በስልክ ራስን ችሎ ማዘጋጀት ይቻላልና። አስጎብኚ የሚያሳየው ለጎብኚ የተሰናዳውን ብቻ ነው፤ ደኑ ለብቻው ለሚገባበት ሰው ራሱን ይገልጣል። ድርጅቶች በዝናብ ወራት «ቅናሽ» እያሉ የሚሸጡት ማንም የማይፈልገውን ወቅት ነው። ቡድን ተፈጥሮን ይረግጣል፣ ገንዘቡም የውጭ ኩባንያ ኪስ ይገባል። ኮስታ ሪካ በ1948 ጦር ሠራዊቷን ያፈረሰች ሰላማዊ አገር ስለሆነች «ደኅንነት» የሚባለው ነገር ማስፈራሪያ ነው። በመጨረሻም፣ ከማያውቁት ሰው ጋር የሚያሳልፉት ዕረፍት ዕረፍት አይባልም። (እኔም እንደ እርሳቸው ዓመትና ወር የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ከዋጋው ልጀምር። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት አላቸው። በሕዝብ አውቶቡስ መጋፋት የማይከብደው፣ የትም ማደር የሚችል፣ ጊዜም የተረፈው ሰው ብቻውን በርካሽ ይጓዛል፤ ይህን አልክድም። ችግሩ ያነጻጸሩት ነገር ነው። በአንድ በኩል ማደሪያ፣ መኪና፣ ጀልባ፣ የፓርክ መግቢያና የአስጎብኚ ክፍያ የተጠቃለሉበትን ዋጋ አስቀመጡ። በሌላ በኩል የአውሮፕላን ትኬትና አልጋ ብቻ ደመሩ። የቀረውስ? ኮስታ ሪካ ውስጥ መኪና የሚከራይ ሰው በኢንተርኔት ያየው ዋጋ አከራዩ ቢሮ ሲደርስ ከፍ ብሎ ይጠብቀዋል፤ የአገሩ ሕግ የሚያስገድደው የሦስተኛ ወገን መድን እዚያ ይታከልበታል። ቶርቱጌሮ የሚባለው የኤሊዎቹ መንደር ደግሞ ጭራሽ የመኪና መንገድ የለውም፤ የሚገባው በጀልባ ወይም በትንሽ አውሮፕላን ነው። ኮርኮቫዶ ብሔራዊ ፓርክ ከ2014 ወዲህ ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ያልያዘ ጎብኚ አያስገባም። ብቻውን የሄደ ሰው ወይ የአስጎብኚውን የቀን ክፍያ ሙሉውን ራሱ ይችላል፣ ወይ እዚያው ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ተዳብሎ ይገባል። ያ ደግሞ ያው ቡድን ነው።

ያልደመሩት ሌላም ነገር አለ፤ ኃላፊነት። በአውሮፓ ከ1990 ጀምሮ፣ በ2015 ደግሞ ተጠናክሮ በወጣ ሕግ፣ በረራና ማደሪያን አንድ ላይ ጠቅልሎ የሸጠ ድርጅት ለጠቅላላው ጉዞ ተጠያቂ ነው። ሁሉን ለየብቻ የገዛ ሰው ግን የመጀመሪያው በረራ ቢሰረዝበት ጀልባውም ሆቴሉም «እኛ ምን አገባን» ይሉታል፤ እውነትም አያገባቸውም። የብሪታንያው የጉዞ ድርጅት ቶማስ ኩክ በሴፕቴምበር 2019 ሲከስር ወደ 150 ሺህ የሚጠጉ ተጓዦች የብሪታንያ መንግሥት ባዘጋጃቸው በረራዎች ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ጥቅል ጉዞ ከፍለው ገና ያልተነሡትም በዋስትናው ሥርዓት ገንዘባቸው ተመልሶላቸዋል። እርግጥ ይህ የሚሠራው ሻጩ በእንዲህ ዓይነት ዋስትና ሥር ሲሆን ነው፤ ሳይጠይቁ መክፈል የለም።

አንድ ቅሬታቸውን ግን ሙሉ በሙሉ እጋራለሁ። ብቻውን አንድ ክፍል ለሚይዝ ተጓዥ የሚጨመረው ክፍያ ያንገበግባል። እኔም ከፍዬዋለሁ፤ ለባዶ አልጋ መክፈል ምን ጊዜም አይዋጥልኝም።

ዋናው ልዩነታችን ሁለተኛው ነጥብ ላይ ነው። ደኑ ለብቻው ለሚገባበት ሰው ራሱን ይገልጣል ይላሉ። እኔ በተቃራኒው ነው ያየሁት፤ ያየሁትን ልናገር።

ሳራፒኪ በሚባለው ቆላማ አካባቢ ቡድኑ ሳይሰባሰብ በፊት ከሰዓት በኋላ ደረስኩ። ከማረፊያው ጀርባ አንድ የእግር መንገድ ነበረች፤ ብቻዬን ገባሁባት። አርባ ደቂቃ ያህል ተጓዝኩ። ቅጠል አየሁ። የተቆራረጠ ቅጠል ተሸክመው የሚሰለፉ ጉንዳኖች አየሁ። ከላይ የሆነ ነገር ጮኸ፤ ቀና ብል ያው ቅጠል ነው። ደስ ብሎኝ፣ ግን «የታለ እንስሳው?» እያልኩ ተመለስኩ።

በማግስቱ ጠዋት እዚያችው መንገድ ላይ ከአስጎብኚያችን ጋር ወጣን። የዚያው አካባቢ ልጅ ነው፤ ትከሻው ላይ ባለሦስት እግር ቴሌስኮፕ ተሸክሟል። ሃምሳ ሜትር እንኳ ሳንሄድ ቆመ፣ ቴሌስኮፑን ተከለ፣ «ቅርንጫፉ ለሁለት የሚከፈልበት ጋ ተመልከቺ» አለኝ። የዛፍ ቋጠሮ የመሰለኝ ነገር ስሎዝ የምትባለው ዘገምተኛ እንስሳ ነበረች፤ ደረቷ ላይ ልጇ ተለጥፏል። ጸጉሯ አረንጓዴ ያዘነብላል። ለካ አልጌ በቅሎበት ነው፤ ከዛፉ ጋር የሚያመሳስላትም እሱ ነው። ከዛፍ የምትወርደው በሳምንት አንዴ ገደማ ለመጸዳዳት ብቻ ነው አለን። ትንሽ አለፍ ብሎ ጎንበስ አለና አንድ ሰፊ ቅጠል ከሥር እንድናይ ምልክት ሰጠን። ቅጠሉ መሐል ለመሐል ተነክሶ እንደ ድንኳን ታጥፏል። ውስጡ ስድስት ነጫጭ የሌሊት ወፎች ተጠጋግተው ተኝተዋል፤ እያንዳንዳቸው ከአውራ ጣት ብዙም አይበልጡም። እዚያው አጠገብ ደግሞ ሌላ ቅጠል ላይ እግሯን ሰብስባ፣ ዓይኗን ጨፍና የተጣበቀች አረንጓዴ እንቁራሪት። ስትነቃ ዓይኗ ደማቅ ቀይ ነው፤ ተኝታ ሳለች ግን ከቅጠሉ አትለይም።

ያቺን መንገድ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀንባት። መንገዱ ያው፣ እኔም ያው፣ ልዩነቱ አንድ ሌሊት። ደኑ ለብቸኛዋ እኔ ምንም አልገለጠም ነበር፤ ምክንያቱም እዚያ የሚኖረው ብዙው ፍጥረት ላለመታየት ነው የተፈጠረው፣ አብዛኛውም የሚኖረው ከራሳችን በላይ ሠላሳ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ኮስታ ሪካ ከ900 የሚበልጥ የአእዋፍ ዝርያ አላት። አስጎብኚያችን አብዛኞቹን በድምፅ ብቻ ይለያቸዋል፤ ዓይኑ ሳያይ ጆሮው ቀድሞ ያገኛቸዋል። ይህን ችሎታ የሚያገኘው እዚያ ተወልዶ፣ ተምሮ፣ ከአገሪቱ የቱሪዝም ተቋም ፈቃድ ወስዶ ነው። እኔ በ12 ቀን ልደርስበት የምችለው ነገር አይደለም፤ ጸሐፊውም አይችሉም።

ሁሉም አስጎብኚ እንዲህ ነው አልልም። የሸመደደውን የሚያነበንብም አለ። አርባ ሰው በአንድ አውቶቡስ ጭኖ በማይክሮፎን የሚያወራ ጉዞን በተመለከተ ጸሐፊው የጻፉትን ቃል በቃል እፈርምበታለሁ። በእኛም ጉዞ አንድ ከሰዓት በኋላ ማንም ያልጠየቀው የዕቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ አንድ ሰዓት ሙሉ አቁመውናል፤ ያ ሰዓት እስካሁን ይቆጨኛል። ግን ከዚህ የሚከተለው «ለአንድ አስጎብኚ ስንት ሰው ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። አስጎብኚን ጨርሶ መተው አይከተልም።

ስለ ዝናቡ ብዙ አልልም፤ ካርታ ቢያዩ ኖሮ ባልጻፉት ነበር። የኮስታ ሪካ ወገብ ተራራ ነው፤ ሁለቱ ጠረፎች የየራሳቸው ሰማይ አላቸው። የፓስፊኩ ወገን ከዲሴምበር እስከ ኤፕሪል ይደርቃል፣ በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ዝናቡ ይበረታበታል። የካሪቢያኑ ወገን ደግሞ ልክ በነዚያው በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ቀለል ይለዋል። በዝናብ ወራትም ቢሆን ብዙ ጊዜ ጠዋቱ ብሩህ ነው፤ ዝናቡ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። «ማንም የማይፈልገው» ያሉት ወቅት ከጁላይ እስከ ኦክቶበር አረንጓዴዎቹ የባሕር ኤሊዎች እንቁላል ለመጣል ቶርቱጌሮ ዳርቻ የሚወጡበት ነው። አንድ ድርጅት በኦክቶበር የደቡብ ፓስፊኩን ጭቃ «ለምለም ወቅት» ብሎ ሳያስጠነቅቅ ከሸጠ ግን ጸሐፊው ተቆጥተው አይጸጸቱ።

ቡድን ተፈጥሮን ይረግጣል የሚለው ክሳቸው ከሁሉም ይከብዳል፤ በቁም ነገር ነው የምወስደው። ማስረጃ ቢያጡ እኔ ልስጣቸው። ማያ ቤይ የተባለው የታይላንድ የባሕር ዳርቻ በጀልባ እየተጫነ በሚራገፍ ጎብኚ ብዛት ኮራሉ ስለተጎዳ በጁን 2018 ተዘግቶ እስከ ጃንዋሪ 2022 አልተከፈተም። በዚያው በ2018 የፊሊፒንሷ ቦራካይ ደሴት ለስድስት ወር ተዘግታለች። ማያ ቤይን ካጨናነቁት መካከል ብዙዎቹ በአስጎብኚ የመጡ ቡድኖች ነበሩ። ይህን አልሸሽግም።

ነገር ግን ጉዳቱን ያመጣው ቡድን መሆን ነው ወይስ ወሰን ማጣት? ተፈጥሮን በብርቱ የሚጠብቁ ቦታዎችን እንይ። በኢኳዶር ደሴቶች ላይ ባለው የጋላፓጎስ ብሔራዊ ፓርክ፣ በአብዛኞቹ የመጎብኛ ሥፍራዎች ጎብኚ የሚገባው ፈቃድ ካለው የተፈጥሮ አስጎብኚ ጋር ነው፤ ለአንድ አስጎብኚ ከ16 ሰው አይበልጥም። በሩዋንዳ አንድን የተራራ ጎሪላ ቤተሰብ በቀን የሚያየው የስምንት ሰው ቡድን ብቻ ነው፤ ያውም ለአንድ ሰዓት። ከፓርኮቹ የቱሪዝም ገቢ 10 በመቶው በዙሪያው ለሚኖረው ሕዝብ ይመደባል። የተራራ ጎሪላዎች ቁጥር ዛሬ ከ1,000 በላይ ነው፤ በ2018 ከመጥፋት አፋፍ ደረጃ ወደ ቀለል ያለው የአደጋ ደረጃ ተዛውረዋል። ለዚህ የእንስሳት ሐኪሞችና የጥበቃ ሠራተኞች ድካም ዋናው ነው፤ ለእነዚያ ደመወዝ ከሚሆነው ገንዘብ ግን ብዙው የሚመጣው ከነዚያ ትንንሽ ቡድኖች ነው። ታዲያ የጸሐፊው ብቸኛ ተጓዥ ካርታውን ይዞ ጎሪላዎቹ ዘንድ ቢሄድ ለጎሪላዎቹ ይሻላቸዋል?

ወደ ቶርቱጌሮ ልመለስ። መንደሩ ድሮ ኤሊ አርዶ፣ እንቁላሏንም ሰብስቦ ይኖር የነበረ ነው። በ1950ዎቹ አርቺ ካር የተባለው አሜሪካዊ የእንስሳት ተመራማሪ እዚያ ኤሊዎችን ማጥናት ጀመረ፤ በ1975 አካባቢው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ዛሬ የመንደሩ እንጀራ በሕይወት ያለችው ኤሊ ናት። በሌሊት ወደ ዳርቻው የሚወጣ ጎብኚ ፈቃድ ካለው አስጎብኚ ጋር፣ በተወሰነ ሰዓትና በተወሰነ ቁጥር ብቻ ነው የሚወጣው። እኛ የደረሰን ከምሽቱ 4 ሰዓት የሚጀምረው ተራ ነበር። ጥቁር ልብስ ለብሰን፣ ስልክና ካሜራ ማረፊያችን ትተን፣ ከዛፎቹ ሥር በጨለማ ተቀመጥን። አሸዋው ላይ ቀድመው የሚሄዱት የመንደሩ ሰዎች ናቸው። አንዲት ኤሊ ጉድጓዷን ቆፍራ እንቁላል መጣል ስትጀምር ለአስጎብኚው በሬዲዮ ይነግሩታል። ከዚያ በፊት መቅረብ የለም፤ ገና እየወጣች ሳለ ብርሃን ወይም ሰው ካየች ሳትወልድ ወደ ባሕር ልትመለስ ትችላለች። ከጀመረች በኋላ ግን በቀላሉ አትደነግጥም።

ይህን ሕግ ማን ነው የሚያውቀው? እኔ አላውቅም ነበር። ብቻዬን ብሆን የስልኬን መብራት አብርቼ ወደ እርሷ እሮጥ ነበር፤ ከክፋት ሳይሆን ከደስታ የተነሣ።

ስለ ገንዘቡ ጸሐፊው ያነሡት ስጋት አለ፣ እውነትም ነው። ሆቴሉም አውቶቡሱም የውጭ ኩባንያ የሆነበት ጉዞ ለአገሬው የሚያስቀረው ጥቂት ነው። ብቻ የሚጓዘውም ሰው ግን በውጭ ኩባንያ መተግበሪያ አልጋ ይዞ፣ በውጭ ኩባንያ ስም የሚሠራ መኪና ተከራይቶ ሊመለስ ይችላል። መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ለሁለቱም እኩል ነው፤ ማደሪያው የማን ነው? አስጎብኚው የት ተወለደ?

ወደ ደኅንነት ስንመጣ፣ የጦር ሠራዊቱን ነገር ለምን እንዳነሡት አልገባኝም። የኮስታ ሪካን ሰላማዊነት የሚከራከር የለም። ዋናተኛን ከዳርቻው ነጥቆ ወደ ጥልቁ የሚወስደው የባሕር ጅረት ግን ጦር ስለሌለ አይቀርም። አዞ ያለበት የወንዝ አፍም እንዲሁ። እዚያ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ይጨልማል፤ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ ድንግዝግዝታው አጭር ነው። የተራራው መንገድ መብራት የለውም፤ ጉም ሲወርድበት የመኪናው አፍንጫ አይታይም። የአገሩ ሾፌር ይህን አውቆ ጉዞውን በቀን ያደርጋል። የደንጊ ትኩሳት የምታስተላልፈው ትንኝ ደግሞ በቀን የምትናከስ ናት፤ «አጎበር አለኝ» ብሎ መዝናናት አይበቃም። ይህን ሁሉ አንብቦ መረዳት ይቻላል፤ ጸሐፊው በዚህ ልክ ናቸው። እኔም አንብቤ ነበር። አስጎብኚያችን ግን ያቺ ጸጥ ያለች የምትመስል ውሃ ጋ ደርሰን ጫማዬን ሳወልቅ፣ ልክ በዚያች ደቂቃ፣ «እዚህ አይዋኝም» አለኝ። አስጎብኚ ግን የራስን ድርሻ አይተካም። የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ከተወሰኑ አገሮች ከሚመጣ ተጓዥ ይጠየቃል፣ ክትባቱም ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት፤ ይህን ማረጋገጥ የተጓዡ ፈንታ ነው።

የቀረው የማያውቁት ሰው ነገር ነው። ጸሐፊው ሰው ሲበዛ ዝምታው ይጠፋል፣ የሄድነውም ለዝምታው ነው ብለዋል። ከቡድናችን አንድ ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስለ ወንበሩም፣ ስለ ቁርሱም፣ ስለ መንገዱም ሲያወሩ አፋቸው አይዘጋም። ስድስት ቀን ሙሉ ከእሳቸው ራቅ ብዬ ለመቀመጥ ስጣጣር ነበር፤ በነዚያ ስድስት ቀናት የጸሐፊውን ጽሑፍ ባነብ ኖሮ እስማማ ነበር።

በዚያች ሌሊት ኤሊዋ ጀርባ በግማሽ ክብ ተንበረከክን። አስጎብኚው ቀይ መብራቱን ከኋላዋ ዝቅ አድርጎ አበራ። የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ የሚያክሉ ነጫጭ እንቁላሎች ሁለትም ሦስትም እየሆኑ ወደ ጉድጓዱ ይወድቃሉ፤ መቶ ያህል ይሆናሉ። ትንፋሿ ይሰማል፤ ረጅም፣ ከባድ፣ እንደ ደከመ ሰው። ስትጨርስ በኋላ እግሮቿ አሸዋውን መለሰችበት፣ ጠቀጠቀችው፣ ከዚያ እየቆመች እየተጎተተች ወደ ውሃው አመራች። መብራቱ ጠፋ። ማንም አልተናገረም። ማዕበሉ ሲወስዳት ሰውየው አጠገቤ ቆመው ነበር፤ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል። ወደ ጀልባው ስንመለስ አሸዋው ላይ ሲደናቀፉ ክንዳቸውን ያዝኩ። እስከ ማረፊያችን ድረስ አንዲት ቃል አልተናገሩም፤ እኔም ክንዳቸውን አልለቀቅኩም።